የጓያ እንፋሎት እግር ይሰብራል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከቱሉ ዲምቱ ነው። ትንሽ አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉኝ። ሽሮ ስለተወደደብኝ ከሁለት ወር በፊት አቃቂ ገበያ ወርጄ ግማሽ ኩንታል ጓያ ገዛሁ። ከአተርና ከሽንብራ ጋር ቀላቅዬ አስፈጨሁት፤ ሲሶው ጓያ ነው። 25 ኪሎ ስለተረፈኝ አጠገባችን የሚሠራውን ሕንፃ ለሚጠብቀው ዘበኛ ሰጠሁት። ገና ልጅ ነው፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ንፍሮም ቆሎም እያደረገ እሱን ብቻ ነው የሚበላው፣ አሁን ሊያልቅበት ነው። ባለፈው ሳምንት ለራሴ ያስቀረሁትን ትንሽ ጓያ ለንፍሮ ስጥድ ቤት የምታግዘኝ ልጅ ጥላኝ ወጣች። የጎጃም ልጅ ናት። እንፋሎቱ እግር ይሰብራል፣ ወንድሜን የሰበረው እሱ ነው አለችኝ። አማቴ ሳቁባት፤ እሳቸው በጓያ ሽሮ ነው ያደጉት፣ ምንም አልሆኑም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ልጆቼ ደግሞ ከሰፈሩ ጀርባ ካለው ማሳ እሸቱን እየቀጠፉ ይበላሉ። ሽሮውን ልድፋው? ለመሆኑ ከመሬት የበቀለ፣ ምንም ያልተቀላቀለበት እህል እንዴት መርዝ ይኖረዋል?»

ሽሮውን አትድፊው። እንፋሎቱም ማንንም አይሰብርም። ግን ጥያቄሽን አንብቤ ስጨርስ ያሳሰበኝ የልጆችሽ ነገር አይደለም። ያሳሰበኝ ዘበኛው ነው። በወሬ መሀል ጣል አድርገሽው ያለፍሽው ልጅ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ተነሺና እሱ ጋ ሂጂ። ጓያ መብላቱን ከዛሬ ጀምሮ እንዲያቆም ንገሪው፤ ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ፣ እንጀራ በወጥ ይዘሽለት ሂጂ። ከዚያ ተመልሰሽ የቀረውን አንብቢ። ለምን እንደዚህ እንዳልኩሽ አስረዳሻለሁ።

የምግብ ኬሚስት ነኝ። «ተፈጥሯዊ ነው፣ ምን ያደርጋል» የሚለውን አባባል በየቀኑ እሰማዋለሁ፣ በየቀኑም ያሳስበኛል። ተክል ጠላት ሲመጣበት አይሮጥም፣ አይናከስም። ራሱን የሚከላከለው በሚሠራው ኬሚካል ነው። ትል እንዳይበላው፣ ሻጋታ እንዳይወረው፣ ፍሬው እንዳይለቀምበት መርዝ ያዘጋጃል። ማንም አልጨመረበትም፣ ፋብሪካ አልነካውም፣ መርዝ ግን መርዝ ነው። አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። የወጥ ቤት ሥራቸው ብዙው መርዝ ማውጣት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ግብጦ በወራጅ ውኃ ቀናት ሙሉ የሚዘፈዘፈው ለምንድን ነው? ምሬቱ እንዲወጣ። ያ ምሬት ራሱ መርዙ ነው። ቀይ ቦሎቄ ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ተደፍቶ፣ ከዚያ በደንብ እየተንተከተከ ካልበሰለ ያስመልሳል፣ ሆድ ያጣድፋል፤ በለስላሳ እሳት ለብ ብሎ የዋለ ቦሎቄ እንዲያውም ይብሳል። የድንች ደግሞ የተለየ ነው። አረንጓዴ የሆነና ያቆጠቆጠ ድንች ብትቀቅይውም ብትጠብሽውም መርዙ አይለቅም። ትንሽ ብቻ ከሆነ አረንጓዴውን በወፍራሙ ልጠሽ፣ ቡቃያውን ነቅለሽ ትጥያለሽ፤ ካመረረ ሙሉውን ነው የምትጥይው። ምጣድ የምናሰስበት ጉሎም አለ። የጉሎ ፍሬ ውስጥ ያለው መርዝ በዓለም ከታወቁት ኃይለኛ መርዞች አንዱ ነው። እሳት ያከሽፈዋል፤ ጥሬውን የሚያኝክ ሕፃን ግን ሊሞት ይችላል። ቤትሽ ካለ ዛሬውኑ ከልጆች እጅ አርቂው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት አንድ ነገር እንድትይዢልኝ ነው። እያንዳንዱ መርዝ የራሱ መውጫ አለው። አንዱን ውኃ ያወጣዋል፣ ሌላውን እሳት ያጠፋዋል፣ ሌላውን መጣል ብቻ ነው መፍትሔው። «በደንብ ካበሰልኩት ምንም አይለኝም» የሚባል ለሁሉም የሚሠራ ሕግ የለም።

ወደ ጓያ እንምጣ። ጓያን ከግብጦ የሚለየው ክፉ ጠባዩ አለመምረሩ ነው። አይሸትም፣ ምላስ አያቃጥልም፣ ሆድ አያምም። እንዲያውም ይጣፍጣል፤ የጓያ ሽሮ የሚወደድበት ቤት ሞልቷል። ፕሮቲኑም ብዙ ነው፣ ከሩብ በላይ ክብደቱ ፕሮቲን ነው። መርዙ ኦዳፕ ይባላል። ሕንዳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ለይተው አወጡት። በ100 ግራም ጓያ ውስጥ ከ0.1 እስከ 1 ግራም ገደማ ይኖራል፣ እንደ ዝርያውና እንደ መሬቱ ይለያያል፤ ድርቅ የመታው ጓያ መርዙ ይጨምራል። ኦዳፕ ነርቮቻችን መልእክት ከሚቀባበሉበት ግሉታሜት ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ይመሳሰላል። ነርቩ መልእክት የመጣለት ይመስለዋል፣ ያለ እረፍት ይቀሰቀሳል፣ በመጨረሻ ይሞታል። ከሁሉም በላይ የሚጎዱት ከአንጎል ተነስተው በአከርካሪ በኩል እግርን የሚያዙት ረጃጅም ነርቮች ናቸው። ለዚህ ነው ሰውየው አእምሮው ንጹሕ ሆኖ፣ እጁ እየሠራ፣ እግሩን ስትነኪው እየተሰማው መራመድ የሚያቅተው። እግሩ ዝሎ አይደለም፤ ግትር ብሎ ነው። ጉልበቶቹ እየተጋጩ፣ ተረከዙ መሬት ሳይነካ በጣቶቹ ይረግጣል። ሐኪሞች ደረጃውን በዱላ ነው የሚቆጥሩት፦ ያለ ዱላ የሚሄድ፣ በአንድ ዱላ የሚሄድ፣ በሁለት ዱላ የሚሄድ፣ መጨረሻ ላይ መቆም አቅቶት የሚድህ።

አሁን እንፋሎቱ። የምታግዝሽ ልጅ የነገረችሽ እምነት የእሷ ብቻ አይደለም፤ ጓያ በሚበላበት አገር ሁሉ አለ። ጓያ ሲቀቀል ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፣ ልጆችን ከቤት ያስወጣሉ። ጭዱ ላይ መተኛት፣ ማሳው ውስጥ መሄድም ይሰብራል የሚል አለ። እውነቱ ግን ኦዳፕ አይተንም። ጨው የገባበት ውኃ አፍይና ክዳኑ ላይ የሚንጠባጠበውን ቅመሺው፤ ጨው የለውም። ጨዉ ድስቱ ውስጥ ቀርቷል። ኦዳፕም እንደዚያው ነው፤ ውኃው ውስጥና ፍሬው ውስጥ ይቀራል እንጂ ከእንፋሎቱ ጋር አይወጣም።

እና እምነቱ ከየት መጣ? እኔ የሚመስለኝን ልንገርሽ። በአንድ መንደር ጓያ የሚበላው ሁሉም ነው፤ የሚሰበሩት ግን ጥቂቶች ናቸው። መርዙ ሥራውን የሚሠራው ሳይታይ በወራት ውስጥ ነው፣ ጉዳቱ ግን ብዙ ጊዜ ድንገት ነው የሚወጣው፤ ሰው ቀኑን ሲያርስ ወይም እንጨት ሲሸከም ውሎ ማታ ይተኛል፣ ጠዋት እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ትናንት ምን ነካሁ ብሎ ያስባል። ትናንት ጓያ ሲቀቀል አጠገቡ ነበር፣ ወይም ማሳው ውስጥ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ የበላው ትዝ አይለውም፤ መብላት አዲስ ነገር አይደለማ። ስለዚህ ልጅቷ ላይ እንዳትስቁባት እለምንሻለሁ። ወንድሟ ዓይኗ እያየ ነው የተሰበረው። ተክሉን በትክክል አውቃዋለች፤ የተሳሳተችው መርዙ በየት በኩል እንደሚገባ ብቻ ነው። እምነቱ ጉዳት የለውም እንዳትይ ደግሞ። ከእንፋሎቱ ሸሽቶ ውጭ ሲጠብቅ የቆየ ልጅ ድስቱ ከወረደ በኋላ ገብቶ ንፍሮውን ጠግቦ ይበላል፤ ተጠንቅቄያለሁ ብሎ።

መብላቱ እንደሆነ ማስረጃው ብዙ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደነግጠኝ የቫፕኒያርካ ነገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ዛሬ ዩክሬን በሆነ ቦታ የሮማኒያ ጦር አይሁድ እስረኞችን አጉሮበት የነበረ ካምፕ ነው። እስረኞቹ ለከብት የተዘጋጀ ጓያ ተቀቅሎ ይሰጣቸው ጀመር፣ በቀን ወደ 400 ግራም፣ ከትንሽ ዳቦ ጋር። በሁለት ሦስት ወር ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩት እግራቸው ግትር አለ። ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር ነገሩ ከጓያው መሆኑን ደረሰበት። እነዚህ ሰዎች የጓያ ማሳ አልረገጡም፣ የጓያ ጭድ ላይ አልተኙም። በሉ፣ በቃ።

በእኛም አገር በ1969 ዓ.ም. አካባቢ ደምቢያና ፎገራ ላይ፣ በኋላም በ1989 እና 90 ዓ.ም. ግድም ወሎ ደላንታ ዳውንት ውስጥ ብዙ ሰው ተሰብሯል። ታሪኩ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ዝናቡ ይዛባል ወይም በረዶ ይመታል፣ ሌላው እህል ይጠፋል። ጓያ ግን አይጠፋም፤ መረሬ አፈር ላይ ውኃ ቢተኛበትም ይችላል፣ ድርቅ ቢመጣም ይችላል። ስለዚህ በክፉ ቀን ማሳ ላይ የሚቀረው እሱ ብቻ ይሆናል። ሰው በጥጋብ ዓመት ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ ምንም ሳይሆን ሲበላው የኖረውን ጓያ በችግር ዓመት ለብቻው ይበላዋል። ያኔ ነው የሚሰብረው።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጓያ እንደ ጉሎ ፍሬ በአንድ ጉርሻ አይገድልም። ዋናው ጥያቄ ከምትበይው ምግብ ውስጥ ስንት እጁ ጓያ ነው፣ ለስንት ወርስ የሚለው ነው። በጥናቶች የሚጠቀሰው ድንበር ከዕለቱ ምግብ ሲሶ ያህሉ ጓያ ሆኖ ለሁለት ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሲዘልቅ ነው። ይህ እንደ አጥር ተለክቶ የተቀመጠ መስመር አይደለም። የሰው አካል ይለያያል፣ የጓያው መርዝ መጠን ይለያያል፣ የተራበና ፕሮቲን ያጣ ሰው ደግሞ ቶሎ ይጎዳል። ወንዶች ከሴቶች ይበልጥ ይጠቃሉ፤ በተለይ ወጣት ሆነው ከባድ ሥራ የሚሠሩት።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ልጅሽ በአንድ ማዕድ የሚደርሰው የሽሮ ዱቄት 40 ግራም ነው እንበል፤ ሲሶው ጓያ ከሆነ 13 ግራም ገደማ ነው። በቀን ሁለቴ ቢበላ 26 ግራም። ያውም በጤፍ እንጀራ፣ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርት። ዘበኛውስ? 25 ኪሎ ለ60 ቀን ስታካፍይው በቀን ከ400 ግራም ይበልጣል። የቫፕኒያርካ እስረኞች ራሽን ማለት ነው። 400 ግራም ጓያ አንድ ሰው በቀን ከሚያስፈልገው ጉልበት ግማሹን ያህል ይሸፍናል፤ እሱን ብቻ ነው የሚበላው ብለሻል። ወጣት ነው፣ ወንድ ነው፣ ሌሊት እየጠበቀ ቀን ምናልባት ሲሚንቶ ያወርዳል። ስትሰጪው ደግነት ነበር፤ ማንም ቢሆን ያንን ያደርግ ነበር። ግን አሁን አውቀሻል።

የአሠራሩም ነገር ልዩነት አለው። ወሎ ውስጥ የተሰበሩና ያልተሰበሩ ሰዎችን አመጋገብ ያነጻጸሩ ጥናቶች እንዳሳዩት አደጋው ከፍ ያለው ንፍሮ፣ ቆሎና ጥሬ እሸት በሚበሉት ላይ ነው። በወጥ መልክ በሚበሉት፣ ቅመምና ሽንኩርት በገባበት፣ ከእህል ጋር በተቀላቀለው ላይ አደጋው ዝቅ ይላል። ምክንያቱ አይከብድም። ጤፍና ሌሎች እህሎች ጓያ የጎደለውን፣ ሰልፈር ያለበትን የፕሮቲን ክፍል ያሟላሉ፤ ይህ ሰውነት መርዙን እንዲቋቋም ያግዛል። ቆሎ ግን ውኃ ያላገኘ ጓያ ነው። ብዙ ሰው «ተቆልቷል፣ እሳት አግኝቷል» ብሎ ይተማመንበታል። እሳት ኦዳፕን በከፊል ጉዳቱ ወደቀነሰ መልክ ይቀይረዋል፣ ሁሉንም ግን አይቀይርም። ንፍሮም ውኃው ሳይደፋ እዚያው ተመጦ ከደረቀ የወጣው መርዝ ተመልሶ ፍሬው ላይ ነው የሚቀረው። ቆሎና ንፍሮ ደግሞ መቆሚያ የላቸውም። ሰው ሲጫወት፣ ሲጠብቅ፣ ሲርበው እየዘገነ ስንት እንደበላ አያውቀውም።

አማትሽ ምንም አለመሆናቸው አያስገርመኝም። በጓያ ሽሮ ያደገ ሰው በጓያ ብቻ ያደገ አይደለም፤ አጠገቡ እንጀራ ነበር፣ ወተት ነበር፣ ጎመን ነበር። የእሳቸውም የልጅቷም ታሪክ እውነት ነው፤ ሁለቱ የበሉት መጠን ነው የሚለያየው። «እኔ በልቼ ምን ሆንኩ» የሚለውን ግን ለሌላ ሰው ምክር አድርገው እንዳይሰጡት አደራ በያቸው።

የልጆቹን እሸት አስቁሚ። አንድ ቀን ማሳ ውስጥ አንድ እፍኝ በሉ ብለሽ ሐኪም ቤት አትሩጪ፣ ምንም አይሆኑም። ነገር ግን ልማድ እንዳይሆን። እሸቱ ጥሬ ነው፣ ውኃም እሳትም አላገኘውም፣ ልጅ ደግሞ ሆዱ ትንሽ ስለሆነ እሸት ሲሞላበት ምሳውን ይተዋል። በዚያ ላይ የገበሬው ማሳ ነው፤ ፀረ ተባይ ተረጭቶበት ይሁን አይሁን አታውቂም። የሽንብራ እሸት ገዝተሽ ስጫቸው፣ ከጓያው በላይ ይወዱታል።

ሽሮውን ብይው፤ ግን በየቀኑ አይሁን። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል። በሌላው ቀን ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ የተገኘውን አድርጊ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ሽሮ የሚበዛበት ጊዜ ነው፤ ያኔ ይህን ሽሮ ከሌላ ንጹሕ የአተር ወይም የሽንብራ ሽሮ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅይው፣ የጓያው ድርሻ ከሲሶ ወደ ስድስተኛ ይወርዳል። አንዴ ከተፈጨ በኋላ መርዙን ከዱቄት ውስጥ የምታወጪበት መንገድ የለም። መቀነስ የምትችይው ሌላውን ሽሮ በማብዛት ብቻ ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ አቅምሽ ከፈቀደ ጓያ አትግዢ። ካልፈቀደ ደግሞ ከሽሮው ሩብ እንዳያልፍ፣ እሱም ውኃ ሳያገኝ ወፍጮ ቤት እንዳይሄድ። ኦዳፕ ውኃ ይወዳል፤ መውጫው ውኃ ነው። ጓያውን ልቀሚ፣ እጠቢ፣ በአንድ እጅ ጓያ አራት እጅ ሙቅ ውኃ አድርገሽ አሳድሪው። ጠዋት ውኃውን ድፊ። እጠቢውና በሌላ ብዙ ውኃ ቀቅይው፣ ያንንም ድፊ። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስጥተሽ ሲደርቅ ታምሺዋለሽ፣ ትከኪዋለሽ፣ ቅመሙን ትጨምሪያለሽ። አንዳንድ ባለሙያ ሴቶች ውኃው ጣዕሙን ይዞ ይሄዳል ይላሉ። ትንሽ ይይዛል፣ እውነታቸውን ነው፤ ቫይታሚንም አብሮ ይወጣል። ይውጣ። ይህ ሁሉ ሥራ መርዙን በብዛት ይቀንሰዋል እንጂ ዜሮ አያደርገውም። ስለዚህ «ዘፍዝፌዋለሁና ልጠግበው» አይባልም። የተደፋውን ውኃ ለወጥ አትጠቀሚበት፤ እናቴ የመቅቀያ ውኃ መድፋት አትወድም ነበር፣ ብዙ እናቶችም እንደዚያው ናቸው፣ ለዚህኛው ግን ይደፋ።

ገበያ ላይ ስትገዢ በፍሬው ለይው። አተር ክብ ነው፣ ሽንብራ አፍንጫ አለው፣ ጓያ ግን ማዕዘን አለው፤ በአንድ በኩል ሰፍቶ በሌላው ይቀጥናል፣ ትንሽ መጥረቢያ ይመስላል፣ ቆዳውም ብዙውን ጊዜ ግራጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ነጠብጣብ አለበት። ክክ ከሆነ በኋላ መለየቱ ይከብዳል፣ ሽሮ ከሆነ በኋላ በዓይን መለየት አይቻልም። ርካሽ የሆነ ሽሮ ውስጥ ጓያ መቀላቀሉ የታወቀ ነገር ስለሆነ በየጊዜው ከማታውቂው ሰው የተፈጨ ሽሮ ከምትገዢ ትንሽ በትንሽም ቢሆን ፍሬውን ገዝተሽ ማስፈጨቱ ይሻልሻል። መርዙ ዝቅተኛ የሆነ ጓያ በአገራችን ተመራማሪዎች ወጥቷል፣ ዋሴ ይባላል። ጥሩ ሥራ ነው። ችግሩ ጉልት ላይ የተዘረጋው ጓያ የትኛው እንደሆነ አንቺም ሻጯም በዓይን አታውቁትም፤ ጓያ ከጎረቤት ማሳም ይዳቀላል። ስለዚህ ገበሬ ከሆንሽ ፈልገሽ ዝሪው፤ ገበያ ወጥተሽ ግን «ይሄ ዋሴ ነው» ስትባይ በዚያ ተማምነሽ አትብዪ።

ወደ ዘበኛው ልመለስ፣ ምክንያቱም ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጊዜ የማይሰጠው የእሱ ነው። ምግቡን ከሰጠሽው በኋላ ጠይቂው። ባቱን ሌሊት ይጨመድደዋል? ጠዋት ሲነሳ እግሩ ይከብደዋል፣ ግትር ይልበታል? ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል? ሮጦ መቆም ያቅተዋል? ሲሄድ ከኋላው ሆነሽ ተመልከቺው፤ ተረከዙ መሬት ይነካል ወይ? አንዱም ከሌለ እግዚአብሔር ይመስገን። ጓያውን አቁሞ ሌላ ምግብ ይብላ፣ ግን ጥቂት ሳምንት ተከታተዪው። ከእነዚህ አንዱም ቢሆን ካለ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። የሞተ ነርቭ አይመለስም፤ ጓያ አንዴ የሰበረውን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ገና ሲጀምረው ያቆመ ሰው ግን ከዚያ እንዳይብስበት ሰፊ ዕድል አለው። በጠበል ወይም በወጌሻ ቀን አያባክን፤ ጠበሉን መጠጣት ይችላል፣ ሐኪሙን ግን ለነገ አይበል። እግሩን መታሸትና መጎተት የተጎዳውን ነርቭ አይጠግንም።

እና ሲሄድ አብረሽው ሂጂ፣ ወይም ሰው ላኪለት። ሐኪሙ የእግር ግትርነት ሲያይ የሚያስባቸው ብዙ በሽታዎች አሉ፤ የአከርካሪ ነቀርሳ አለ፣ የቫይታሚን እጥረት አለ፣ ሌላም። አዲስ አበባ ዳር ያለ ወጣት ጓያ ሰበረው ብሎ ላይጠረጥር ይችላል። ስለዚህ ሳይጠየቅ ይናገር፦ ሁለት ወር፣ በቀን ይህን ያህል፣ ንፍሮና ቆሎ፣ ሌላ ምግብ የለም። ልጁ አፍሮ ሊደብቅ ይችላል፣ ምን በላህ ሲባል እንጀራ ሊል ይችላል። አንቺ ተናገሪለት።

የምታግዝሽ ልጅ ወንድም ስንት ዓመቱ እንደሆነና በስንት ዱላ እንደሚሄድ አልጻፍሽልኝም። ግን ንገሪያት፦ በሽታው አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም፣ ልጅ ቢወልድ ልጁ አይወርሰውም። ጓያ ካቆመ ብዙውን ጊዜ ባለበት ይቆያል። ግትርነቱን የሚያላላ መድኃኒት አለ፣ እንቅስቃሴ የሚያሠሩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችም በትልልቆቹ ሆስፒታሎች አሉ፤ አካሄዱን ማቅለል ይችላሉ። ቤተሰቡ አሁንም ጓያ የሚበላ ከሆነ ደግሞ ስልክ ደውላ ስለ ውኃው ትንገራቸው። ከእንፋሎቱ መሸሹን ይተዉትና ንፍሮው ከመብሰሉ በፊት ሁለት ጊዜ ውኃ ይድፉ፣ ከእህል ጋር ይቀላቅሉ፣ ታናናሾቹን ወንዶች ልጆች ደግሞ ከቆሎውና ከእሸቱ ያርቋቸው።